ክርክር፦ በሰኔ 30 ደረጃ በማይክ መጥራት ይቅር?

መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦
ሰኔ 30 እየመጣ ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት እንደተለመደው በማይክ ተጠርተው ይሸለማሉ። እኔ ይቅር ባይ ነኝ።
አምና ከመንዝ መጥቶ፣ እዚህ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበረኝ። አገሩ ሁልጊዜ 1ኛ ነው። እዚህ 14ኛ ወጣና ከትምህርት ቀረ። ቤቱ ሄድኩ። ባናውን ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እናቱ የላኩለት በሶ እንደታሰረ ነው። «መምህር፣ ምን ብዬ አገሬ እገባለሁ?» አለኝ። ከደረጃው ሌላ ራሱን የሚለካበት ነገር አልነበረውም።

እናት፣ ደብረ ሲና፦
መምህር፣ አንጀቴን በሉት። ግን የእኔን ልጅ ያነቃት ሽልማቱ ነው። ደብተር ተሸልማ ከመጣች ወዲህ ማታ ማታ ታጠናለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና እኮ ለማንም አያዝንም!

የሥነ ልቦና ተማሪ፣ ሸዋ ሮቢት፦
እትዬ፣ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ፈተና ነው። በጥር 2015 ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ዋጋዬ በውጤቴ ነው» ብሎ ያደገ ልጅ ያን ቀን ምን ይዞ ይቆማል?
የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጄኒፈር ክሮከርና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ለድኅረ ምረቃ ያመለከቱ ተማሪዎችን ተከታትለው ነበር። ሲቀበሏቸው ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ይላል፤ ሲከለከሉ ይወርዳል። ክብራቸውን በትምህርት ላይ ያንጠለጠሉት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ድባቴ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ይመስለኛል።
ሽልማትም ሁልጊዜ አያነቃም። በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት ሥዕል የሚወዱ ሕፃናት «ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ» ተባሉ። ተሸለሙ። ከዚያ በኋላ በራሳቸው ጊዜ የሚስሉት ካልተሸለሙት አነሰ።

አባት፣ መንዝ፦
ጥፋቱን ማይኩ ላይ ብቻ አትጣሉት። ልጁ ገና ከደጅ ሳይገባ «ስንተኛ ወጣህ?» የምንለው እኛ ነን። ምን ተማርክ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያ ልጅ አገሬ እንዴት እገባለሁ ያለው እኛን ፈርቶ ነው።

እናት፣ ደብረ ሲና፦
ማታ ልጄን «ሽልማቱ ቢቀር ታጠኛለሽ?» አልኳት። «ሳይንስ አዎ፣ ሒሳብ እንጃ» አለች። ትንሽ ቆይታ «4ኛ ብወጣ ትቆጪኛለሽ?» አለችኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደብተሩ ይሰጥ፣ አሁንም አልተውም። ማይኩ ግን ይቅር።