«ወደ ጁል ሲለወጥ» ወይስ «ሲመነዘር»?

ቀለም ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የሳይንስ ጽሑፍ እያረምኩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ።

«የሚወርደው ውሃ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል።»
«3 ኪሎዋት በሰዓት ወደ ጁል ሲለወጥ 10.8 ሚሊዮን ጁል ይሆናል።»

የመጀመሪያው ላይ በእርግጥ የተለወጠ ነገር አለ። ሁለተኛው ላይ ግን ሁለቱም የጉልበት መለኪያዎች ስለሆኑ፣ የተለወጠው ቁጥሩና መለኪያው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ለሁለቱም አንድ ግስ ልክ ነው? «ሲመነዘር» ብለውስ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጥሩ አየሽ እህቴ። ለወጠ የግእዙ «ወለጠ» ነው፤ ፊደሎቹ ቦታ ተቀያየሩ እንጂ ቃሉ አንድ ነው። «ውላጤ»ን እዚህ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። በተዋሕዶ ትምህርት ያለ ሚጠት፣ ያለ ውላጤ፣ ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ቡዐዴ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ውላጤ አንዱ የነበረውን መሆን ትቶ ሌላ ሲሆን ነው። ኪሎዋት ሰዓት በጁል ሲጠራ ምኑን ተወ? ምንም። ሁለተኛው ላይ ለወጠ ስህተት ነው።

መዝገበ ቃል፦
ወንድሜ፣ ተራውን ግስ በነገረ መለኮት ልታስረው አትችልም። ወንጌሉ ላይ በመቅደስ የተቀመጡት እኮ «ገንዘብ ለዋጮች» ናቸው። መንዛሪዎች አልተባሉም። ዋጋው ያው ሆኖ ሳንቲሙ ነው የሚለየው። መለኪያም እንደዚያው ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
አይደለም። ለዋጩ እጅ ያለው ሳንቲምና እኔ እጅ ያለው ሁለት ናቸው፤ ሰጥቼ ተቀበልኩ። እዚህ ግን ነገሩ አንድ ነው፤ ስሙ ነው ሁለት የሆነው። ቅኔ ቤት ዓመታት የተቀመጥኩት ይህን ለመለየት ነው።

ወለላ፦
መነዘረና አመነዘረ ሥራቸው አንድ ነው? ከሆነ ሳይንስ ውስጥ ባይገባ ደስ ይለኛል።

መዝገበ ቃል፦
ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ሥር አንድ ነው አይባልም። የመነዘረ ችግሩ ሌላ ነው። ድፍኑን ሰጥቶ ዝርዝር መቀበል ነው። ከኪሎዋት ሰዓት ወደ ጁል ስትሄድ ያምርበታል፤ አንዱ 3.6 ሚሊዮን ይሆናል። ስትመለስስ? 3.6 ሚሊዮኑን ሰብስበህ አንድ ስታደርገው መነዘርኩ ትላለህ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
የውጭ ምንዛሬ ሲባልስ ድፍንና ዝርዝር አለው?

መዝገበ ቃል፦
እሱ ደግሞ ዛሬና ነገ ይለያያል። 3.6 ሚሊዮን አይዋዥቅም።

ጠመኔ፦
ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሁላችሁም ዘላችሁት የሄዳችሁት ስህተት አለ። «ኪሎዋት በሰዓት» አይባልም! ኪሎሜትር በሰዓት ስንል ርቀቱ ለሰዓት ተካፍሏል። ኪሎዋት ሰዓት ግን ብዜት ነው። ባለ አንድ ኪሎዋት ማሞቂያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የወሰደው ማለት ነው። 1000 ዋት በ3600 ሰከንድ ይባዛል፤ 3.6 ሚሊዮን ጁል። ዋት ራሱ ጁል በሰከንድ ነው፤ ማካፈሉ እዚያው ውስጥ አለ። «በሰዓት» የሚል ያነበበ ተማሪ ደግሞ ያካፍላል። 1000 ለ3600 ተካፍሎ «0.28 ጁል» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት አይቻለሁ። ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ልጁ አላጠፋም፤ ያጠፋው ጥያቄውን የጻፈው ሰው ነው።

ወለላ፦
መምህር፣ አሁን ራስህ «በ3600 ይባዛል» አልክ እኮ። ክፍሉ አራት በአምስት ነው ስንልም ብዜት ነው። «በ» ሁለቱንም ይሸከማል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ይሄ የመጣው ግእዙን ስለተውነው ነው። ግእዝ ለእያንዳንዱ ለማለት «በበ» ይላል፤ በበዕለቱ፣ በበዓመቱ። አማርኛው «በየ» አለው። የኔ ግምት፣ «ኪሎሜትር በሰዓት» ላይ ያለችው «በ» የዚያ ግማሽ ናት። «በየሰዓቱ» ብንል ኖሮ ማካፈሉ ለብቻው በታወቀ ነበር።

መዝገበ ቃል፦
አይሠራም። መኪናው በየሰዓቱ 60 ኪሎሜትር ይሄዳል ካልክ ድግግሞሽ ነው፤ ግማሹን ሰዓት ቆሞ ሊሆን ይችላል። በሰዓት 60 የሚሄድ መኪና ግን አሥር ደቂቃም ቢነዳ ፍጥነቱ ያው ነው።

ጠመኔ፦
ወደ ለወጠ ልመለስ፤ ነገሩ ከሰዋስው ይሰፋል። ካሎሪ አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያሞቅ ሙቀት ነው። ጁል ደግሞ የሥራ መለኪያ ነው። ድሮ ሙቀትና ሥራ ለየቅል ይመስሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ጄምስ ጁል የሚወርድ ክብደት ውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲያሽከረክር አደረገ። ከዚያ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ ለካ። ዛሬ 1 ካሎሪ 4.184 ጁል ነው ስንል የዚያ ሥራ ልጆች ነን። 3.6 ሚሊዮን ቁጭ ብሎ በማባዛት ይገኛል። የካሎሪው ቁጥር ግን መጀመሪያ ውሃ ተበጥብጦ ነው የተገኘው። መቅዘፊያው ሲዞር ሥራ ወደ ሙቀት ተለወጠ፤ እሱን ውላጤ በሉት። እኔ ካሎሪን በጁል ስጽፍ ግን ምንም አልዞረም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ምንም አልዞረም»! እግዜር ይስጥህ መምህር። ከጠዋት ጀምሮ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ማለዳ፦
እኔ ተርጓሚ ነኝ። ግሱን ተዪውና «3 ኪሎዋት ሰዓት በጁል ሲለካ 10.8 ሚሊዮን ነው» በይ። ካሎሪ ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በላቲን ፊደል ካሎሪ በትልቁ ሲ ሲጀምር 1000 ትንንሽ ካሎሪ ማለት ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ትልቁን 200 ካሎሪ ዝም ብሎ «ካሎሪ» ያለ ሰው 836.8 ኪሎጁል መሆን የነበረበትን 836.8 ጁል ያደርገዋል። «ኪሎ»ዋን አትርሱ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ሲለካ» አይሆንም። መለካት መሣሪያ ይዞ ነው። እሷ አሰላች እንጂ አልለካችም።

ወለላ፦
«ልክ ነው» የምንለውስ ከለካ አይደለም? ማን መሣሪያ ያዘ?

ቀለም ለቃሚ፦
ጽሑፉን ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። «በሰዓት»ን አጥፍቻለሁ፣ መምህር አመሰግናለሁ። «ሲለወጥ»ን ግን ልተወው ወይስ ላንሳው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ቆይ እህቴ፣ ወለላ ያነሳችው ከባድ ነው። በግእዝ «ለክዐ» ጻፈ ማለት ነው። ለካ ከዚያ ከመጣ መነሻው ምልክት መጻፍ ነው፤ ያኔ «ሲለካ» ሊያስኬድ ነው። መዝገቤን ገልጬ እመለሳለሁ።