ከ0 እስከ 9 ሲደረደሩ 1,000,000ኛው የትኛው ነው? መልሳችን ተለያየ

የማርቆሱ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወሬ ነው። ጥያቄው ይሄ ነው። ከ0 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች፣ እያንዳንዱን አንዴ ብቻ እየተጠቀምን፣ በሚቻለው መንገድ ሁሉ ደርድረን ከትንሹ ወደ ትልቁ ብናሰልፋቸው 1,000,000ኛው የትኛው ይሆናል? እኔ ከ123456789 ተነስቶ አንድ አንድ እየጨመረ የሚሄድ ሉፕ (የሚደጋገም ትእዛዝ) ጻፍኩ፤ አሥር አሃዝ ያለው፣ ምንም ያልተደገመበት ቁጥር ሲያገኝ ይቆጥራል። መጀመሪያ ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ለቅቄው ተኛሁ፣ ሌሊት መብራት ሄደ፣ ባትሪውም አለቀና ጠዋት ላፕቶፑ ጠፍቶ አገኘሁት። በሲ ቋንቋ ደግሜ ስጽፈው ጨረሰና 3782915460 አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ በሌላ መንገድ 2783915460 አገኘ። ኮዴን ስንቴ እንዳየሁት አልነግራችሁም፣ ስህተቱ አልታይ አለኝ። በናታችሁ እዩልኝ።

የጣና ዳር፦
ልክ ጓደኛህ ነው። አንተን የሸወደችህ ከፊት ያለችው ዜሮ ናት። 0123456789 ለእኛ አሥር አሃዝ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ቁጥር ሲይዘው ዜሮዋን ይጥላትና ዘጠኝ አሃዝ ይቀራል። አንተ ደግሞ አሥር ያልሞላውን እለፍ ብለኸዋል። ስለዚህ በዜሮ የሚጀምሩትን በሙሉ ዘለሃቸው። እነሱም 9 ፋክቶሪያል (ከ9 እስከ 1 ያሉት ሲባዙ)፣ ማለትም 362,880 ናቸው። ያገኘኸው እንግዲህ 1,362,880ኛውን ነው። ሁለቱን መልሶች አስተያያቸው፣ 2 እና 3 ቦታ ከመለዋወጣቸው በቀር አንድ ናቸው።

ደግሞ ሚሊዮኑን ለማግኘት ከ3.6 ቢሊዮን በላይ ቁጥር ነው ያስፈተሽከው። ማሽኑ አያሳዝንህም? አሃዞቹን በሊስት ያዛቸው እንጂ እንደ አንድ ቁጥር አትያዛቸው።

ዳንግላ ኮደር፦
የላይኛው ልክ ነው። ፍጥነት ከፈለግህ ከአንዱ ድርድር በቀጥታ ወደሚቀጥለው መዝለል ይቻላል፣ መሃል ያለውን ሳትነካ። 13542ን እንውሰድ። ከቀኝ ወደ ግራ ሂድና በቀኙ ካለው የሚያንስ አሃዝ መጀመሪያ ስታገኝ ቁም፤ እዚህ 3 ነው። አሁንም ከቀኝ ጀምረህ ከ3 የሚበልጠውን የመጀመሪያውን ፈልግ፣ 4 ነው። አቀያይራቸው፣ 14532 ይሆናል። ከ4 በኋላ ያለውን ጅራት ገልብጠው፣ 14235 መጣ። አለቀ። ይሄን ዘዴ የሕንዱ የሒሳብ ሊቅ ናራያና ፓንዲታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል፣ እኔ ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ፓይተን ላይ ኢተርቱልስ የሚባለው ላይብረሪም አለልህ፤ አሃዞቹን በቅደም ተከተል ከሰጠኸው ድርድሮቹንም በቅደም ተከተል ያወጣልሃል።

የፍኖተ ሰላም መምህር፦
ልጆች፣ ይሄ እኮ በእስክሪብቶም ይሠራል። ከማርቆስ ባሕር ዳር ስትሄዱ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ እያላችሁ ከተማውን ነው የምትቆጥሩት፣ የመንገዱን ቤት ሁሉ አይደለም። እዚህም በአንድ አሃዝ የሚጀምሩት 362,880 ናቸው፣ በጅምላ እለፏቸው። መጀመሪያ ከ1,000,000 ላይ አንድ ቀንሱ፣ ምክንያቱም ከፊቱ ያሉት 999,999 ናቸው። ያንን ለ362,880 ስታካፍሉ 2 ደርሶ 274,239 ይተርፋል። በ0 እና በ1 የሚጀምሩት አለፉ ማለት ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው አሃዝ 2። ትርፉን ለ8 ፋክቶሪያል፣ ለ40,320 አካፍሉ፤ 6 ይደርሳል፣ 32,319 ይተርፋል። ከቀሩት ከ0፣ 1፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ስድስቱን እለፉ፣ ቀጣዩ 7 ነው። እንዲህ እያላችሁ ውረዱ። ኮምፒውተሩ ላይ ከመቸኮል በፊት አንዴ በእጅ መሥራት ኮዱንም ያቀልላችኋል፣ ተማሪዎቼን ሁሌ የምለምነው ይሄንኑ ነው።

የማርቆሱ ልጅ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደብተር ይዤ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። መጀመሪያ አንዷን መቀነስ ረስቼ 2783915604 መጣብኝ፣ ለካ እሱ ተከታዩ ነው። ቀንሼ ስሠራው 2783915460 ወጣ! እርስዎ እንዳሉት ኮዱም አሥራ ምናምን መስመር ብቻ ሆነ፣ ወዲያው ነው መልሱን የሚሰጠው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ በፊደልስ ይሠራል?

ዳንግላ ኮደር፦
ይሠራል። ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥበት ሥርዓት) ላይ ፊደላችን የተቀመጠው በሀ ለ ሐ መ ተራ ስለሆነ ማወዳደሩ አያስቸግርህም። ሰላም ብትሰጠው 6 ድርድር ታገኛለህ። ግን የሚደገም ፊደል ካለ ተጠንቀቅ። ለመለመ ላይ ኢተርቱልስ ሁለቱን ለ፣ ሁለቱን መም የተለያዩ አድርጎ ስለሚያይ 24 ያወጣልሃል፣ የሚለያዩት ግን 6 ብቻ ናቸው። ከላይ የጻፍኩት የመዝለያ ዘዴ ከለለመመ ካስጀመርከው ድግግሞሹን ራሱ ያልፈዋል።