ሞተር ሳታስፈቱ ኮምፕሬሽን ለማስለካት፦ የትኛው ጌጅ፣ ምን ዓይነት መካኒክ?

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች ሰሞኑን ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። «ሞተሩን ሳናስፈታ ውስጡን በምን እንወቅ?» ነው ጥያቄው። መልሱ ኮምፕሬሽን ማስለካት ነው፤ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ማየት። ሞክሬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጌጁ። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። አንዱ ጫፉ ሾጣጣ ጎማ ነው፤ የካንዴላው ቀዳዳ ላይ በእጅ ተጭኖ ይያዛል። ሌላው እንደ ካንዴላ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባና ረጅም ቱቦ ያለው ነው። ሁለተኛውን ግዙ። ይወደዳል፣ ግን ያዋጣል። ለአብዛኞቹ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች የ14 ሚሊ ጥርስ ያለውን ጠይቁ።

ለምን እንዲህ እንደምል ስሙኝ። ለእህቴ ባለ 1.5 ሊትር ያሪስ ልንገዛ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። ልጁ ባለ ጎማውን ጌጅ ይዞ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለ። የፈታው አንድ ካንዴላ ብቻ ነው፤ ሦስቱ እንደታሰሩ ናቸው። የቤንዚን ፔዳሉን የረገጠ ሰው የለም። ባትሪው ደክሟል፣ ሞተሪኖው እያቃሰተ ነው የሚዞረው። በጎማው ጎን አየር «ፍስስ» ሲል ይሰማኛል። ጌጁ 95 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ላይ ቆመ። «ሞተሩ አልቋል» ተባልን። የሻጩ ፊት ጠቆረ፣ እህቴም ዝም አለች።

በማግስቱ ሌላ መካኒክ ዘንድ ወሰድነው። ሞተሩን አሞቀ። አራቱንም ካንዴላ ፈታ። ሞተሩ እሳትና ቤንዚን እንዳያገኝ የኮይሉንና የኢንጀክተሩን ሶኬት ነቀለ። ባትሪውን ከሌላ መኪና አገዘው። እኔን ፔዳሉን እስከ ወለሉ አስረገጠኝ። ከዚያ ጌጁን በጥርሱ አስሮ፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ሞተሩን በሞተሪኖው አዞረ። 152፣ 150፣ 154፣ 150። ያው ሞተር! እህቴ መኪናውን እስከ ዛሬ ትነዳዋለች።

ስለዚህ መካኒክ ስትመርጡ የጋራዡን ትልቅነት አትዩ። ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ጌጅህ በጥርስ የሚገባ ነው? አራቱንም ካንዴላ ትፈታለህ? ፔዳል አስረግጠህ ነው የምትለካው? ሦስቱንም «አዎ» ካለ፣ ዕቃውን በቦርሳ ይዞ ቤት ድረስ የሚመጣ ልጅም ይበቃችኋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። የዚህ ሞተር፣ ማለትም የ1ኤንዜድ፣ የጥገና መጽሐፍ አዲስ ሲሆን 213 ፒኤስአይ፣ ዝቅተኛው 156 ይላል። በዚህ ከሄድን የእህቴ ሞተር ወድቋል ማለት ነው! ግን ቁጥሩ በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሲሰላ 213ቱ ወደ 160፣ 156ቱ ደግሞ ወደ 117 ይወርዳል። 150 እዚህ ከተማ ላይ ጤነኛ ሞተር ነው። ያው መኪና አዳማ ቢለካ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ስንቱ ደህና ሞተር በዚህ የተነሳ በከንቱ እንደወረደ ሳስብ ያንገበግበኛል። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ፤ መጽሐፉ የሚፈቅደው 14 ፒኤስአይ ያህል ነው።

አንዱ ዝቅ ካለ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበትና ድጋሚ አስለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ከፍ ካላለ ቫልቮላ ወይም ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ጭንቅላት ማሸጊያ)። ኮምፕሬሰር ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ነፍቶ ይፈትሽላችሁ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። አየሩ በማርሚታ ከወጣ የጭስ መውጫ ቫልቮላ፣ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካወጣ ጓርኒሲዮን። በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ።

ለናፍጣ መኪና የቤንዚኑን ጌጅ አትንኩ። ብዙዎቹ 300 ፒኤስአይ ላይ ያበቃሉ። እስከ 1000 የሚቆጥር አለ፣ እሱን ጠይቁ።

«የኮምፕሬሽን ሬሾውን ራሱን፣ ማለትም አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ፣ በጌጅ ማወቅ ይቻላል?» ላላችሁኝ፦ በግምት ብቻ ነው፣ ግምቱም ሰፊ ነው። የ1ኤንዜድ ሬሾ 10.5 ለ 1 ነው። 150ውን ወደ ስሌት ስታስገቡት ግን ከ8 እስከ 9.4 ይሰጣችኋል። ምክንያቱም የአየር ማስገቢያው ቫልቮላ ዘግይቶ ይዘጋል፣ ሙቀት በብረቱ ይሄዳል፣ በፋሻው ጥቂት ይሾልካል።

ሬሾውን ከፈለጋችሁ ሲሪንጅ ይሻላል። ከፋርማሲ 60 ሚሊ የሚይዘውን ግዙ። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ሁለቱም ዓይነት ቫልቮላዎች ተዘግተው፣ በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ዘይት እስከ ጥርሱ መጀመሪያ ሙሉ። ስንት ሚሊ እንደገባ ጻፉ። የዚህ ሞተር 1497 ሲሲ ለአራት ሲሊንደር ሲካፈል 374 ነው። የገባው 39 ከሆነ፣ 374 ሲደመር 39፣ ለ39 ሲካፈል 10.6 ገደማ ይመጣል። ዘይቱ እያያችሁት ከወረደ ፋሻው እያሾለከ ነው፤ ቁጥሩን አትመኑት።

ስትጨርሱ ዘይቱን በሲሪንጁ መልሳችሁ ምጠጡ። ካንዴላ ሳታስሩ፣ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ሞተሩን አዙሩት። ዘይት አይታመቅም፤ ውስጥ ከቀረ ቢዬላ (የፒስተኑን ዘንግ) ያጣምማል።