የ1899ኙን የሴኔት ድምፅ በምን መስፈርት ልከፋፍለው?

ለተማሪዎች የሚሆን ባለአንድ ገጽ ሰንጠረዥ እየሠራሁ ነው። ርዕሱ አሜሪካ ፊሊፒንስን፣ ፖርቶ ሪኮንና ጉዋምን ከስፔን የወሰደችበት የፓሪስ ስምምነት ነው። ሴኔቱ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1899 በ57 ለ27 ድምፅ አጽድቆታል። ስምምነት ለማጽደቅ የሚያስፈልገው የድምፁ ሁለት ሦስተኛ 56 ስለሆነ ያለፈው በአንድ ትርፍ ድምፅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ በፓርቲ ለየኋቸው፤ አልሠራም። ከዴሞክራቶቹም የደገፉ አሉ፤ መሪያቸው ብራያን ራሱ እንዲጸድቅ ወትውቷል።

ቀጥዬ አንዱን ዓምድ «ለውጥ ፈላጊዎች» (በአገር ውስጥ ማሻሻያ ሕጎች እንዲወጡ የሚታገሉ)፣ ሌላውን «መስፋፋት ደጋፊዎች» አልኩት። ይሄ ደግሞ ባሰ። የኢንዲያናው ሪፐብሊካን ቤቨሪጅ ሴኔት የገባው ከድምፁ በኋላ ቢሆንም ሰንጠረዡ ውስጥ ሊቀር አይገባም፤ በ1900 ፊሊፒንስ በአሜሪካ እጅ ለዘለቄታው እንድትቆይ የተከራከረው እሱ፣ በ1906 ለሥጋ ምርመራ ሕግ የታገለውም እሱ ነው። ሁለቱም ዓምድ ውስጥ ይገባል። የማሳቹሴትሱ ሪፐብሊካን ሆር ደግሞ የፓሪሱን ስምምነት አጥብቆ ተቃውሟል፤ ከወራት በፊት ግን ሃዋይ እንድትጠቃለል ድምፁን ሰጥቷል። እሱን «ፀረ መስፋፋት» ብሎ ማለፍ ተማሪውን ማሳሳት ነው።

«የሚገዛው ሕዝብ ፈቃድ» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ሞክሬ ነበር፤ የሃዋይ ተወላጆች በ1897 መጠቃለሉን በመቃወም ያስገቡት ፊርማ ይህንንም አፈረሰብኝ፤ ሆር ይህ ተቃውሞ እያለ ነው ለሃዋይ መጠቃለል ድምፁን የሰጠው።

ሆርንም ቤቨሪጅንም ሳያዛባ በየቦታቸው የሚያስቀምጠው መስፈርት የትኛው ነው?