ዝግጁ ዴስክቶፕ ልግዛ ወይስ ላስገጣጥም? ምክራችሁን እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሕንፃ ንድፍ ሥራ የምተዳደር ስሆን፣ ሬቪትንና ሉሚየንን (የሕንፃ መንደፊያና ንድፉን በምስል ማሳያ ፕሮግራሞች) የሚሸከም ዴስክቶፕ ለመግዛት ወስኜ ምርጫው ላይ ተቸግሬያለሁ።

ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ዋጋው ይቀላል፣ እንደተገዛም ሥራ ያስጀምራል። ነገር ግን ቀጭኑን ሞዴል አስከፍቼ ሳየው ፓወር ሰፕላዩ (ለክፍሎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው) 200 ዋት ብቻ ነው፤ ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚያያዝበት ሶኬትም ለብቻው የተሠራ በመሆኑ በተለመደው ዓይነት መተካት አይቻልም፤ ስለዚህ 170 ዋት የሚወስደውን አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ በስፋትም በኃይልም አያስተናግድም።

ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቼ ባስገጣጥም ግን ሜሞሪ መጨመርም ሆነ የተበላሸውን ብቻ መቀየር እችላለሁ። እጅግ የሚያሳስበኝ ዋስትናው ነው፤ ማሽኑ አልነሳም ሲል ካርዱን የሸጠልኝ በማዘርቦርዱ፣ ማዘርቦርዱን የሸጠልኝ ደግሞ በገጣጣሚው ቢያሳብብ ማንን እጠይቃለሁ? መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ስለምሠራ ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ከዚሁ በጀት ይወጣል።

ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፤ ሰፊውን የኦፕቲፕሌክስ ታወር ሞዴል ገዝቶ ፓወር ሰፕላዩንና ካርዱን መቀየር ያዋጣል ወይስ ከመነሻው ማስገጣጠም? ያስገጣጠማችሁ ደግሞ ስለ ዋስትናው ደረሰኙ ላይ ምን እንዳስጻፋችሁ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።