ልጆች ይዞ ለቅዱስ ቁርባን ስግደት መሄድ

የጣና ዳር እናት
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባሕር ዳር ነን። በካቶሊክ ቁምስናችን ሐሙስ ከ11 እስከ 12 ሰዓት የቅዱስ ቁርባን ስግደት አለ፤ ቅዱስ ቁርባኑ ተገልጦ በፊቱ የሚጸለይበት ሰዓት ነው። ልጆቻችን 4፣ 7 እና 10 ዓመታቸው ነው፤ ትንሹ ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆይም። ሙሉውን ሰዓት መቆየት ግዴታ ነው? መክሰስ በልተን መሄድስ ይቻላል? ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው፣ አብሮን ይግባ?

መምህር ዘግዮን
እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚደናገረው በመክሰሱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ጾሙ ለመቁረብ እንጂ ለመስገድ አይደለም። ለመቁረብም ቢሆን የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ሕግ (ቀኖና 919) የሚጠይቀው አንድ ሰዓት ነው፤ ውኃና መድኃኒት አይከለክልም። የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ግን ጾሙን ለየቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ስለሚተው፣ በግእዝ ሥርዓት የምትቆርቡ ከሆነ የቆሞሳችሁን ቃል ያዙ። ልጆቹን አብልተሽ ውሰጃቸው፤ የራበው ልጅ ዝም አይልም።

ባለቤትሽ ይግባ። ገና ያልተጠመቀ ሰው እንኳ በቅዱስ ቁርባኑ ፊት ተቀምጦ መጸለይ ይችላል። ብቻ አትጎትቺው፤ ደጅ መቆየት ከመረጠም ትንሹን ይያዝልሽ።

ሰዓቱ ግዴታ የለውም።

ወለተ ማርያም
ከልጆች ጋር የሚያስቸግረው መካከሉ ላይ ያለው ረጅም ዝምታ ነው። መጀመሪያው ላይ ዕጣኑ፣ መዝሙሩና ንባቡ ስላለ ዓይናቸውም ጆሯቸውም ሥራ አለው። ስለዚህ ሳይጀመር ድረሱ፣ 15 ደቂቃ ቆዩ፣ ትንሹ ሲቁነጠነጥ ይውጣ፤ የ10 ዓመቱ ልጅ ግን ይቆይ።

ሰው የሚሳሳተው ልጅ ይረብሻል ብሎ ኋላ ሲቀመጥ ነው። ኋላ ያለ ልጅ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሰለቻል። በጎን በኩል ፊት ቀረብ ብላችሁ፣ ከጎን በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ለ7 ዓመቱ ልጅ ረጅም ጸሎት አታሸክሚው፤ የቶማስ ቃል ይበቃዋል፦ «ጌታዬና አምላኬ»። ሲገቡም ሲወጡም መስገድን አስለምጃቸው፤ ሲወጡ የሚረሱት ብዙ ናቸው።

የጣና ዳር እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጨረሻ ላይ ካህኑ በቅዱስ ቁርባኑ ከሚሰጠው ቡራኬ በፊት መውጣት ድፍረት አይሆንም? ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያስቀረንስ ቤት ምን እናድርግ?

መምህር ዘግዮን
ድፍረት አይሆንም። ቡራኬው የሰዓቱ መዝጊያ ነው፣ ዓላማው ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የላቲን ሥርዓት ለቡራኬ ብቻ ተብሎ ቅዱስ ቁርባን እንዳይገለጥ ይከለክላል፤ ንባብ፣ መዝሙርና በቂ ዝምታ ሊቀድሙት ይገባል። እኔን የሚያሳዝነኝ ዝምታው በመዝሙርና በመቁጠሪያ ሲሞላ ነው። መቁጠሪያ አይከለከልም፤ ሐሙስ የብርሃን ምሥጢራት (በመቁጠሪያ ጸሎት የሚሰላሰሉ አምስት የጌታ ሕይወት ክንውኖች) ቀን ነው፣ አምስተኛው ምሥጢር ደግሞ ራሱ የቅዱስ ቁርባን መመሥረት ነው። ከልጆቹ ጋር ያንን አንዱን ብቻ ድገሙ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ከዚያ ዝም በሉ።

ቤት ስትቀሩ በስልክ የሚተላለፍ ስግደት ከፍቶ ለስልኩ መስገድ ትክክል አይደለም። ጌታ ያለው የኅብስቱ መልክ ባለበት ነው (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ ቁጥር 1377)፤ ምስሉ ለጸሎት ሊያነሣሣ ይችላል እንጂ ቅዱስ ቁርባን አይደለም። ስልኩን አስቀምጡ፣ አንድ ሻማ አብሩ። የ10 ዓመቱ ልጅ ዮሐንስ 6፥51–58ን ያንብብ፤ ስምንት ቁጥር ነው። ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። ከዚያ መንፈሳዊ ቁርባን፦ በቅዱስ ቁርባን እንዳለ ማመናችሁን ተናገሩ፣ መቀበል እንደምትመኙ ንገሩት፣ በመንፈስ ወደ ልባችሁ እንዲመጣ ለምኑት።

ወለተ ማርያም
እኔ የምጨምረው፦ ካነበባችሁት አንዷን ቃል ልጆቹ ይምረጡና እሑድ ወደ ቅዳሴ ስትሄዱ መንገድ ላይ አስታውሻቸው። ስግደቱ ከቅዳሴው የወጣ፣ ወደ ቅዳሴውም የሚመልስ ነው፤ ልጅ ሁለቱን ለየብቻ ካወቃቸው በኋላ ማገናኘት ይከብደዋል። ሻማውን ግን መጋረጃ አጠገብ አታድርጉት።