ለማያስቴኒያ፦ ማሳጅ፣ ፍልውሃ ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

እናቷ ማያስቴኒያ ግራቪስ (ነርቭ ለጡንቻ የሚያቀብለው መልእክት እየተዘጋ ጡንቻ የሚደክምበት በሽታ) አለባት የተባለች አንዲት እህት «ከክኒኑ ጎን ምን ላስጀምራት? ሰው ሁሉ የራሱን ይነግረኛል» ብላለች። የኔን ልንገርሽ። ሜስቲኖኑም (የጡንቻ ድክመቱን የሚያቀለው ክኒን) ፕሬድኒሶሎኑም (ሰውነቷን የሚመታውን ኢሚዩኒቲ የሚያበርደው) እንደታዘዘ ይቀጥላል፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

ፍልውሃ ይቅርባት። ሶደሬም፣ ስቲምም፣ ወይባም። ለወገብ ሕመም ይመቹ ይሆናል፣ በዚህ በሽታ ግን ሙቀት ድካሙን ያባብሰዋል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተነስቶ መውጣት የሚያቅተው አለ። ቅዝቃዜ ነው የሚረዳው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ የወደቀው የዐይን ሽፋኗ ላይ 2 ደቂቃ ያህል ብትይዢላት ለጊዜው ቀና ይላል፣ ሐኪሞችም ለምርመራ ይጠቀሙበታል። ፍሪጅ ካለሽ ደግሞ በነጻ ነው።

ማሳጅ ለስለስ ካለ ለተወጠረ ትከሻ ደስ ይላል። ጉልበት ግን አይጨምርም። ችግሩ ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያቀብልበት ቦታ ላይ ነው፣ እዚያ የራሷ አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታ ለመከላከል የሚሠራው ነገር) የመልእክቱን መቀበያ እየዘጋባት ነው፣ ይሄ ደግሞ በማሸት አይከፈትም። ስለዚህ «ነርቯን እናነቃለን» ብሎ ብዙ ብር ለሚጠይቅ አትክፈይ። አንገት የሚስብ ወጌሻ ጋ ደግሞ ጭራሽ እንዳትወስጃት።

ብር የሚወጣ ከሆነ ፊዚዮቴራፒ ላይ ይውጣ። ግን ስትደውዪ «ማያስቴኒያ ያለበት ሰው አክማችሁ ታውቃላችሁ?» በያቸው። እንደ ስትሮክ ታካሚ እስኪደክማት የሚያሠሩ ከሆነ ይዘሻት ውጪ፤ እዚህ ሥራው ከመድከሟ በፊት ማቆም ነው። ቀጠሮው ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ማታ ማታ ድካሙ ስለሚብስ። ሜስቲኖን ከዋጠች ከ1 ሰዓት ገደማ በኋላ ቢሆን ደግሞ የበለጠ። የአተነፋፈስ ልምምድ የሚያስተምሩ ካገኘሽ እነሱን ምረጪ። ዮጋም ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትሠራው ዓይነት ችግር የለውም።

«ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን ሁሉ እለፊው። የሷ ኢሚዩኒቲ መቼ አነሰ፣ ራሷን እየመታት እኮ ነው! ወጥ ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ምንም አይልም። ከውጭ ዘመድ የሚልከውን ቫይታሚን ግን ጀርባውን አንብቢ፣ ማግኒዥየም ካለበት ሐኪሟን ሳትጠይቂ እንዳትሰጫት። ፋርማሲ ጎራ ብሎ ሲፕሮ ወይም አዚትሮማይሲን የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች መግዛትም ለሷ አይሆንም፤ ሁለቱም ድክመቱን ሊያባብሱት ይችላሉ።

ጸበል ከፈለገች ትሂድ፣ ክኒኗን ይዛ። ብዙ ሊትር ባንዴ መጠጣቱ ግን መዋጥ ለሚያስቸግረው ሰው ትንታ ነው፣ በትንሽ በትንሹ ትጠጣ። የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩ፣ ሜስቲኖን በባዶ ሆድ ሆድ ይቆርጣል።

ነርቭ ሐኪም ገና ካላያት ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክፍል አለ። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ምራቋን መዋጥ ካቃታት ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።